ካነን ወይስ ሶኒ? ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት

የጥር ወር ነው፤ የሠርግ ወር። እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የፎቶ ስቱዲዮ መብራቱ በርቷል። ጠረጴዛው ላይ የተሞሉ ባትሪዎች፣ የተጠረጉ ሌንሶችና ባዶ የተደረጉ ሜሞሪዎች ተደርድረዋል። በመካከላቸው ሁለት ካሜራዎች አሉ፤ አንዱ ካነን አር6 ማርክ 2፣ ሌላው ሶኒ ኤ7 ማርክ 4። ሁለቱም የስቱዲዮው አይደሉም። ቅዳሜ ማታ መታወቂያ አስይዘው የተከራዩዋቸው ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ።

ስቱዲዮው የወንድምና የእህት ነው። እሱ ፎቶ ያነሳል፤ እሷ ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ኤዲቱንም ትሠራለች። ለዓመታት እንጀራ ያበላቸው ካነን 5ዲ ማርክ 3 ሹተሩ እየተያዘ ማስቸገር ጀምሯል። ያጠራቀሙት ገንዘብ ለአንድ አዲስ ቦዲ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። ታላቅየው ልቡ ካነን ላይ ነው። ታናሽየዋ ሶኒ ካልሆነ ትላለች። ወራት የፈጀው ክርክር የቆመው «ወሬውን እንተወውና ሠርግ ላይ እንፈትናቸው» ተባብለው ሲስማሙ ነው። የዛሬዋ ሙሽራ የአጎታቸው ልጅ ናት፤ ዋናውን ሥራ የያዘ ሌላ ፎቶ አንሺ ስላለ እነሱ እንደ ልብ መሞከር ይችላሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ አንተ ሶኒውን ያዝ፤ እኔ ካነኑን እይዛለሁ» አለችው ቦርሳውን እየዘጋች። «የወደድነውንማ ስናሞግሰው ከረምን።»

ሳቀና ተቀበላት።

በወረቀት ላይ እኩያ

ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ነው፤ ካነን አር6 ማርክ 2 በኖቬምበር 2022 ተከተለው። ሁለቱም ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርቡ ያለ ሌንስ 2,500 ዶላር ገደማ ተተምኖላቸዋል። ሁለቱም ፉል ፍሬም ናቸው፤ ማለትም ሴንሰራቸው እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም ሚረርለስ ናቸው። በአሮጌው 5ዲ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይን መመልከቻው የሚመልስ፣ ፎቶ በተነሳ ቁጥር እየተነሳ የሚወርድ መስታወት አለ፤ በእነዚህ ውስጥ ያ መስታወት የለም። ዓይን የሚያየው ሴንሰሩ ራሱ የሚያየውን ምስል ነው፤ ፎከሱንም የሚይዘው ሴንሰሩ ነው። ክብደታቸው ባትሪና ሜሞሪ ተጨምሮ የካነኑ 670፣ የሶኒው 658 ግራም ነው። ትከሻ ይህን ልዩነት አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ሁለቱም ኩባንያዎች ተተኪ ሞዴሎችን አውጥተዋል። ለገዢ ይህ መልካም ዜና ነው፤ አዲስ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ይወርዳል፣ ዋጋውም ለድርድር ይለሰልሳል። በአንጻሩ የእኛ አገር ገዢ ሌላ ሂሳብ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ቀድሞ በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ 142,500 ብር ይሆን የነበረ ባለ 2,500 ዶላር ካሜራ፣ ዋጋው በዶላር ሳንቲም ሳይጨምር ከ250,000 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ገንዘብ ተሳስቶ መግዛት አንድ የሠርግ ወቅት ሙሉ በነፃ እንደ መሥራት ይቆጠራል።

በመጀመሪያ ዓይን የሚስበው ቁጥር ሜጋፒክስል ነው። ሶኒው 33፣ ካነኑ 24.2 አለው። ሲሰሙት ሰፊ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን የሶኒው ፎቶ ረጅሙ ጎን 7,008፣ የካነኑ 6,000 ነጥብ ነው። ልዩነቱ 17 በመቶ አካባቢ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚለው የኅትመት ልማድ ካነኑ እስከ 50 ሳንቲሜትር፣ ሶኒው እስከ 59 ሳንቲሜትር ርዝመት ያትማል። ደንበኛ የሚያዘው አልበም 30 በ40 ከሆነ ሁለቱም ተርፏቸው ያድራሉ። ሶኒው ብልጫውን የሚያሳየው ፎቶ በሚቆረጥበት ጊዜ ነው፤ ከሩቅ ከተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ የአያትየዋን ፊት ብቻ ለይቶ ለማውጣት ተጨማሪው ነጥብ ይጠቅማል።

ነጥብ ሲበዛ ፋይልም ይከብዳል። የሶኒው ያልታመቀ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያዘጋጀው የሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ወደ 70 ሜጋባይት ይጠጋል፤ በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው 140 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን የሚያቀሉ የተጨመቁ አማራጮች በሁለቱም ካሜራዎች ላይ አሉ። ሶኒው ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «በሰከንድ 10 ፎቶ» የሚለው ፍጥነት የሚገኘው ጥራት በሚቀንሰው የተጨመቀ ሮው ብቻ ነው፤ ጥራት የማይነካውን ሲመርጡ ፍጥነቱ ወደ 6 ይወርዳል። ካነኑ በሜካኒካል ሹተር 12፣ በኤሌክትሮኒክ ሹተር 40 ያነሳል። ለእግር ኳስ ሜዳ ይህ ብዙ ነገር ነው፤ ለሠርግ ግን 40 ፎቶ በሰከንድ ማለት ሌሊቱን ሙሉ ተመሳሳይ ፎቶ እየመረጡ ማደር ነው።

በቅዳሴው ብርሃን

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አንድ አዛውንት ካህን አስቆሟቸው።

«ልጆቼ፣ ፍላሽ አይቻልም። ኮቴያችሁም ዕቃችሁም ድምፅ እንዳያሰማ።»

«እሺ አባታችን» አሉ ሁለቱም ጎንበስ ብለው።

የካህኑ ትእዛዝ ከማንኛውም ላቦራቶሪ የበለጠ ፈተና ነው። ከውስጥ ጧፍ፣ ከላይ ነጭ የኤልኢዲ መብራት፣ ከመስኮት ገና የሚፈነጥቅ የንጋት ብርሃን አለ። ሙሽሮቹ ካባ ደርበው ለተክሊል ቆመዋል። ዘውዱ ይብለጨለጫል፤ ፊታቸው ግን በጥላ ውስጥ ነው።

እዚህ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ካሜራው በጨለማ ፎከስ ይይዛል ወይ የሚል ነው። ካነን ካሜራው እስከ ኔጌቲቭ 6.5 ኢቪ (የብርሃን መጠን መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጨለማው ይብሳል) ድረስ እንደሚይዝ ይገልጻል፤ ሶኒ እስከ ኔጌቲቭ 4። ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው ካነን በሰፊው የረታ ይመስለዋል። ነገር ግን ከቁጥሩ ጎን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፤ ካነን የለካው በኤፍ 1.2 ሌንስ፣ ሶኒ በኤፍ 2 ሌንስ ነው። ኤፍ 1.2 ሌንስ ከኤፍ 2 ሌንስ 2.8 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል፤ ይህም ወደ 1.5 ኢቪ ይጠጋል። ከ2.5 ኢቪው ልዩነት አብዛኛው የሌንሱ ነው ማለት ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ኤፍ 2.8 ዙም ነው። በዚያ ሌንስ ሁለቱም በወረቀት ላይ ካለው ያንሳሉ።

በተግባር ሁለቱም የሙሽራይቱን ዓይን ፈልገው ያዙ። ከ5ዲ ለመጣ ሰው ይህ ራሱ አዲስ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 5ዲ ማርክ 3 የሚሠራው በ61 የፎከስ ነጥቦች ነው፤ ነጥቦቹም ወደ መሐል የተሰበሰቡ በመሆናቸው ፎቶ አንሺው ፎከስ ከያዘ በኋላ ካሜራውን ወደ ጎን ማዞር ልማዱ ነበር። አሁን ሙሽራይቱ ጥግ ላይ ብትቆምም ካሜራው ዓይኗን አይለቅም። ከፊቷ ጧፍ ሲያልፍ ለቅጽበት የተዘናጋ ካለ ሁለቱም ተዘናግተዋል፤ ሁለቱም ተመልሰዋል።

ልዩነቱ የታየው ድምፅ ማጥፋት ሲያስፈልግ ነው። ሜካኒካል ሹተር ቀጭ ይላል፤ በጸሎት መካከል ያ ድምፅ ሰውን ዞር ብሎ እንዲያይ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ቀየሩ። በዚህ ዘዴ የሚንቀሳቀስ መጋረጃ የለም፤ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። የሶኒው ሴንሰር ሙሉውን ምስል አንብቦ ለመጨረስ 1/15 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ካነኑ ከዚያ አራት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል።

መዘምራኑ ወረብ ጀመሩ፤ መቋሚያ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዘመመ። ታላቅየው በሶኒው አነሳና ምስሉን ከፍ አድርጎ አየው። ቀጥ ያለው መቋሚያ ጎብጧል፤ የላይኛው ጫፍ በተነበበበትና የታችኛው በተነበበበት ጊዜ መካከል ዘንጉ ቦታ ቀይሯል። ሁለተኛው ችግር መብራቱ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፤ ሴንሰሩ ግን ያየዋል። ሶኒው አንድ ፎቶ አንብቦ እስኪጨርስ መብራቱ ከስድስት ጊዜ በላይ ስለሚደበዝዝ፣ ሹተሩ ሲፈጥን ግድግዳው ላይ ያን ያህል ጥቁር ሰንበር ይወጣል። ካነኑ ላይ አንድ ወይም ሁለት ነው። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ ማድረግ። በ1/50 ግን የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዛል።

ካነኑም ዋጋ ሳያስከፍል አልቀረም። በኤሌክትሮኒክ ሹተር ሲነሳ ሮው ፋይሉ ከ14 ቢት ወደ 12 ቢት ይወርዳል፤ በኋላ ከጥላ ውስጥ ፊት ለማውጣት ያለው ትርፍ በትንሹ ይቀንሳል። ሆኖም ቅዳሴ ላይ በጸጥታ ለመሥራት ከሁለቱ የሚሻለው እሱ እንደሆነ ታላቅየው ራሱ ሶኒውን ይዞ አረጋግጧል። ታናሽየዋ መቋሚያውን አይታ ዝም አለች።

የማይንቀጠቀጥ ፎቶ ነገርም አለ። ካነን እስከ 8፣ ሶኒ እስከ 5.5 ደረጃ የእጅ መንቀጥቀጥ እንደሚያክሙ ይናገራሉ። ይህ የሚያክመው የፎቶ አንሺውን እጅ ነው፤ የሙሽራይቱን እርምጃ አያቆምም። የምትራመድ ሰው ለማንሳት 1/125 ሰከንድና ከዚያ በላይ ካስፈለገ፣ 8ም ሆነ 5.5 እኩል ይሆናሉ። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ያለ ማቆሚያ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ነው።

ነጭ ጥበብ፣ ጠይም ፊት

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ፀሐይ ወጥታለች። እናቶች በነጭ ቀሚስና ነጠላ ደጃፉን ሞልተዋል። የአበሻ ሠርግ ለካሜራ ከባድ የሚሆነው እዚህ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የማምጣት ዝንባሌ አለው። ምስሉ በነጭ ልብስ ከተሞላ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ የሚጎዳው ደግሞ ፊት ነው። ፎቶ አንሺው ፊቱን ለማትረፍ ሲያበራ የነጠላው ጥለትና ሽመና ይጠፋና ባዶ ነጭ ይሆናል።

ሁለቱም ካሜራዎች ፊት ሲያገኙ ብርሃኑን በፊት ለመለካት ይሞክራሉ፤ በዚህም አሮጌውን 5ዲ በብዙ ይበልጣሉ። ሶኒው ብርሃን የፈሰሰበትን ቦታ በሰንበር የሚያመለክተውን ዜብራ በፎቶም ጊዜ ያሳያል። ነጠላ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ሰንበሩ ጥለቱ ላይ ሲወጣ ብርሃኑን ትንሽ ይቀንሳል፣ ፊቱን በኋላ ከሮው ፋይል ያወጣል። ካነኑ ላይ የብርሃኑን ሥርጭት በግራፍ የሚያሳየውን ሂስቶግራም በመመልከቻው ውስጥ አብርቶ መሥራት ይቻላል፤ ግን ሂስቶግራም ብርሃኑ የት ቦታ እንደፈሰሰ አይናገርም። ከፀሐይ በታች፣ ነጭ በለበሰ ሕዝብ መካከል ታላቅየው ሶኒውን ወደደው። በአፉ አልተናገረም፤ ካሜራውን ለመመለስ ግን አልቸኮለም።

አዳራሹ

ከሰዓት በኋላ ተራው የእህትየዋ ሆነ፤ ሶኒውን ከወንድሟ ተቀበለች። አዳራሹ በቀለም መብራት አሸብርቋል፤ ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው። የመግቢያ ትዕይንት በስሎው ሞሽን ካልተቀረጸ ደንበኛ ያኮርፋል። ለዚያ በሰከንድ 50 ወይም 60 ፍሬም ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ካሜራዎች በቪዲዮ የሚለያዩትም እዚሁ ላይ ነው።

ካነኑ 4ኬ በ60 ፍሬም ሲቀርጽ የሴንሰሩን ሙሉ ስፋት ይጠቀማል። ሶኒው በዚያ ፍጥነት የሚጠቀመው መሐሉን ብቻ ነው፤ ምስሉ 1.5 እጥፍ ይቀርባል። 24 ሚሊሜትር የነበረው ሌንስ እንደ 36 ሚሊሜትር ይሆናል። ሜዳ ላይ ቢሆን ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ መሸሽ ነው። ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ግን ከኋላዋ የሽማግሌዎች ጠረጴዛ ነበር። ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ ከምስሉ ወጥተው ሲቀሩ ስክሪኑ ላይ አየችና ካሜራ ለወጠች። በካነኑ ሙሽራም ሚዜም ገቡ።

በመደበኛው 25 ፍሬም ግን ሶኒው ሙሉ ስፋቱን ይጠቀማል፤ ምስሉም ከ7ኬ ተጨምቆ የወጣ በመሆኑ የጠራ ነው። ሁለቱም 10 ቢት ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ሶኒው በተጨማሪ ኦል-አይ የሚባለውን፣ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚያስቀምጠውን አቀራረጽ ይሰጣል። ሜሞሪ ይበላል፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር ግን እፎይታ ነው። ኤዲት የምታደርገው እሷ ስለሆነች ይህን ነጥብ ደጋግማ አነሳች። «ኮምፒውተራችን ሲንተፋተፍ ሌሊት የምነቃው እኔ ነኝ» አለች።

ለቪዲዮ ሠራተኛ የሚሆን አንድ ምክር እዚህ ይግባ። በ50 ኸርዝ አገር የሚሠራ ሰው፣ በአዳራሽ መብራት ሥር ፍሬሙን 25 ወይም 50፣ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ያድርግ። ከውጭ የመጣ ካሜራ 30 እና 60 ፍሬም ላይ ተስተካክሎ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ያንን ይቀይር። ካሜራ «ቪዲዮው ይርገበገባል» ተብሎ ከሚታማባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሙቀትም አለ፤ ሁለቱም 4ኬ በ60 ለረጅም ጊዜ ሲቀርጹ ይግላሉ። ሶኒው ላይ ካሜራው በምን ያህል ሙቀት ራሱን እንደሚያጠፋ የሚወስን ማስተካከያ አለ፤ ከፍተኛው ላይ ካልተደረገ መድረክ ላይ ንግግር እየተቀረጸ ድንገት ሊጠፋ ይችላል።

ስም የሌለው ፋይል

ማታ ስቱዲዮ ተመለሱ። ታላቅየው ቀኑን ሙሉ ሲደጋግመው የነበረ አንድ ነገር አለ፦ «የካነን የቆዳ ቀለም አይገኝም።» እህቱ ከሁለቱም ካሜራ ተመሳሳይ ፎቶዎችን መርጣ፣ የነጭ ሚዛናቸውን አስተካክላ፣ ስማቸውን ደምስሳ በቁጥር ብቻ ደረደረችለት። «ካነኑን ለይ» አለችው። ተጠግቶ አየ፤ ራቅ ብሎ አየ። «ይኸው፣ ይኼ ነው፤ ጠይምነቷ እንዴት እንዳማረ እዪ» ብሎ ጣቱን የቀሰረበት ፎቶ የሶኒው ሆኖ ተገኘ።

ይህ የእሱ ብቻ እምነት አይደለም፤ በሙያው ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። መነሻም አለው። ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ በሚሰጠው ጄፔግ የኩባንያዎቹ የቀለም ምርጫ ይለያያል፤ የድሮ የሶኒ ሞዴሎች ቆዳን ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያዘነብላሉ እየተባሉ ይታሙ ነበር። ሮው የሚያነሳና ራሱ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ግን ቀለሙን የሚወስነው በኮምፒውተሩ ላይ ነው። ፎቶውን በዚያው ምሽት ሳይነካካ ለደንበኛ የሚልክ ከሆነ የካሜራው ቀለም ይመለከተዋል፤ ካልሆነ ለቀለም ብሎ ኩባንያ መምረጥ ትርጉም የለውም።

የሚጋቡት ከቤተሰቡ ጋር ነው

ቦዲ መግዛት እንደ ጋብቻ ነው፤ ከአንዱ ጋር ይፈራረሙና ከመላው ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። ቤተሰቡ ሌንሱ፣ ባትሪው፣ ፍላሹ፣ ጥገናውና የጓደኛ ዕቃ ነው። ቦዲ በየሦስትና አራት ዓመቱ ተተኪ ይወጣለትና ዋጋው ይወርዳል። ጥሩ ሌንስ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ሁለትና ሦስት ቦዲ ይሸኛል።

በዚህ ረገድ ሁለቱ ኩባንያዎች መንገዳቸው ለየቅል ነው። ሶኒ የሌንስ መግጠሚያውን መሠረታዊ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሌሎች አምራቾች ከፍቷል። ስለዚህ እንደ ሲግማና ታምሮን ያሉ ኩባንያዎች ለሶኒ በርካታ ሌንሶች ይሠራሉ። ካነን ደግሞ የአዲሱን አርኤፍ መግጠሚያ በር ዘግቶ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሲግማና ለታምሮን ሲከፍትም የፈቀደው ለትንሹ ሴንሰር የሚሆኑ ሌንሶችን ነው። ፉል ፍሬም የያዘ ሰው አውቶ ፎከስ ያለው አዲስ አርኤፍ ሌንስ ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ራሱ ወደ ካነን ይሄዳል።

የወጪው ሂሳብ የሚቀየረው እዚህ ነው። ምንም ዕቃ የሌለው ጀማሪ የሶኒውን ቦዲ በ2,499፣ የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ሁለተኛውን ትውልድ በ899፣ የታምሮን 70-180 ኤፍ 2.8 ሁለተኛውን ትውልድ በ1,299 ዶላር ቢገዛ ድምሩ 4,697 ዶላር ነው። በካነን በኩል ቦዲው 2,499፣ ርካሹ የ28-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ 1,099፣ የ70-200 ኤፍ 2.8 ደግሞ 2,699 ዶላር ሆኖ 6,297 ይመጣል። ዋጋዎቹ ዕቃዎቹ በአሜሪካ ገበያ ሲወጡ የተተመኑ ናቸው፤ ገበያው ዛሬ ሌላ ቢልም የልዩነቱ አቅጣጫ ግልጽ ነው። ጀማሪው በሶኒ 1,600 ዶላር ያተርፋል።

ወንድምና እህት ግን ጀማሪ አይደሉም። ቁም ሣጥናቸው ውስጥ 24-70 እና 70-200 የድሮ የካነን ኢኤፍ ሌንሶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በ99 ዶላር የቀረበው የካነን አዳፕተር እነዚያን ሌንሶች ከአር6 ጋር ያገናኛል፤ አውቶ ፎከሱም ይሠራል። የ5ዲው ባትሪዎች እንኳ እዚህኛው ውስጥ ይገባሉ፤ አቅማቸው ከአዲሱ ቢያንስም በክፉ ቀን ይደርሳሉ። ለእነሱ የካነን ወጪ 2,598 ዶላር ነው፤ የሶኒ 4,697። ልዩነቱ 2,099 ዶላር፣ በትንሹ በ100 ብር ቢመነዘር 209,900 ብር ነው።

ታናሽየዋ መልስ ነበራት። «ጓደኞቼ በሙሉ የያዙት ሶኒ ነው። ሌንስ ቢሰበርብኝ ከማን እዋሳለሁ? አብረን ስንሠራስ ቀለሙ እንዴት ይገጥማል?» ቀላል ክርክር አይደለም። መዋዋስ በሰፊው በሚሠራበት ከተማ የጓደኛ ካሜራ መምረጫ መስፈርት ነው። ወንድሟ ጥቂት አስቦ «የአሁኑ ቦዲ ካነን ይሁን። ሌንሶቹ ሲያረጁ የመጀመሪያውን አዲስ ሌንስ ከመግዛታችን በፊት እንደገና እንነጋገራለን» አላት። ተስማማች።

ሻጩ ፊት

ካሜራ ወደ አዲስ አበባ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ሻንጣ ነው፤ ከዱባይ፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ በሚመጣ ሰው እጅ። ስለዚህ ዋስትናው ብዙውን ጊዜ የተገዛበት አገር ላይ ይቀራል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ማውጫቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ በርካሽ የተገኘ ሶኒ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታየው የቋንቋ ምርጫው ነው።

ሁለተኛ እጅ ከሆነ ቦዲው ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ይመሳከር። ሌንሱን ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሳት የሴንሰሩን አቧራና ጭረት ያጋልጣል። በሁለቱም የሜሞሪ ቀዳዳዎች ሜሞሪ ገብቶ ፎቶ ይነሳ፤ የሠርግ ፎቶ ሁለት ቦታ የማይቀመጥበት ካሜራ ለባለሙያ አይሆንም። ፍላሽ ይሰካ፣ ማይክ ይሰካ፣ ስክሪኑ በሁሉም አቅጣጫ ይዙር፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ይቀረጽ። «ቸኩያለሁ፣ ሌላ ገዢ ይጠብቀኛል» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ገንዘቡን ይዞ መሄድ ነው።

ፍርዱ

ሁለቱም ካሜራዎች ዛሬ አንድም ሠርግ አያሳፍሩም። የኢኤፍ ሌንስ ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጸጥታ የሚሠራ፣ ስሎው ሞሽን በጠባብ አዳራሽ የሚቀርጽ ሰው አር6 ማርክ 2ን ይግዛ። ከዜሮ የሚጀምር፣ በጀቱ ጠባብ የሆነ፣ ፎቶ ቆርጦ የሚያትም ወይም ጓደኞቹ ሶኒ የያዙ ሰው ኤ7 ማርክ 4ን ይግዛ። ከሁለቱ አንዱ ያለው ሰው ሌላኛውን አይቶ አይቅና፤ ያንን ገንዘብ ለሌንስ ያውለው።

ያልወሰናችሁ ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ለአንድ ቀን ተከራዩ። የራሳችሁን ሌንስና ሜሞሪ ይዛችሁ፣ በምትሠሩበት ብርሃን፣ የምታነሷቸውን ሰዎች አንሡ። ፋይሎቹንም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። የአንድ ቀን ኪራይ፣ በስህተት የተገዛ ካሜራ መልሶ ሲሸጥ ከሚጠፋው ገንዘብ ያነሰ ነው።